አርጆ ላይ አልነሳ ያለው ጄኔሬተር

ሐሙስ ጠዋት፣ ነቀምቴ

ከነቀምቴ መናኸሪያ የተነሳሁት ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ ዝናብ ሲጥል ባደረበት ጠዋት ነው። የሄድኩት ለመሸጥም ለመግዛትም አይደለም። አርጆ ላይ የሸጥኩት ጄኔሬተር መብራት ሲጠፋ በራሱ መነሳት ሲገባው ለምን ዝም እንደሚል ለማወቅ ነው።

ደምሴ እባላለሁ። ነቀምቴ ላይ የውኃ ፓምፕ፣ ኬብልና ጄኔሬተር የምሸጥባት ሱቅ አለችኝ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ የቀረውን ያስተማረኝ ገበያው ነው። ኦሮምኛዬም ከዚያው ከገበያ የተለቀመ ነው፤ ዋጋ ለመከራከር ይበቃል፣ ሽማግሌ ሆኖ ለመላክ አይበቃም። የኤሌክትሪክ ባለሙያም አይደለሁም። ባለሙያዬ ገመቹ ነው፣ እሱ ደግሞ በዚያ ሳምንት ጊምቢ ሌላ ሥራ ይዞ ነበር።

ደንበኛዬ አዴ ሌንሳ ትባላለች፤ አዴ ወይዘሮ፣ ኦቦ ደግሞ አቶ እንደማለት ነው። ሃያ ዓመት ባዮሎጂ ስታስተምር ኖራ ሥራዋን ለቀቀችና ስምንት መቶ እንቁላል የሚይዝ የጫጩት መፈልፈያ ማሽን ገዛች። እንቁላል በማሽኑ ውስጥ ሃያ አንድ ቀን ይቆያል፤ ሙቀቱ ሠላሳ ሰባት ተኩል ላይ ካልቆመ ጫጩቱ ቅርፊቱ ውስጥ እንዳለ ይሞታል። አርጆ ደግሞ ብርድ ነው። ስለዚህ ጄኔሬተር ከነአውቶማቲክ መቀየሪያው ከኔ ገዛች። መቀየሪያው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሳጥን ነው፤ መብራት መጥፋቱን አይቶ፣ አሥር ሰከንድ ጠብቆ፣ ጄኔሬተሩን ሰው ሳይነካው ያስነሳዋል። ቢያንስ እኔ ስሸጠው ያልኩት እንደዚያ ነው።

የመጀመሪያው ዙር ላይ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሳለች መብራት ጠፋ። ቀን ስለነበር አምፖል የበራ የለም፤ መጥፋቱን ያየ ሰው አልነበረም። ጄኔሬተሩ አልተነሳም። ከግማሽ በላይ እንቁላል ሞተ። ገመቹን ላክሁት፤ ፈትሾ ምንም የለውም ብሎ ተመለሰ። ደግሞ አልተነሳም፤ ደግሞ ላክሁት፣ አሁንም ምንም የለውም አለ። እኔም ሰነፍ ባለሙያ ይዣለሁ ብዬ ደመደምኩ። ረቡዕ ዕለት አዴ ሌንሳ ደወለች።

«ኦቦ ደምሴ፣ ዛሬም አልተነሳም። ቤት ስለነበርኩ ነው በእጅ ያስነሳነው። ቅዳሜ ነው የሚፈለፈሉት። ይሄኛውም ዙር ከሞተብኝ እዘጋለሁ። ትምህርት ቤትም እንዳልመለስ ቦታዬ ላይ ሌላ ሰው ገብቷል።»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር፤ ለጩኸት መልስ አለኝ።

ከሱቄ አዲስ የመቆጣጠሪያ ካርድ አወጣሁ። ካርድ የምንለው የመቀየሪያው አእምሮ ነው፤ አረንጓዴ ሰሌዳ ላይ ትንንሽ ነገሮች ተበይደው፣ ከጎኑ ባለ ቀለም ሽቦዎች የሚወጡበት። በሹራቤ ጠቅልዬ ካርቶን ውስጥ ከተትኩት፣ ቴስተሬንና አንድ ባትሪ ያዝኩ። ሚኒባሱ ሁለት መቶ ብር አለ። ታሪፉ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ ከዚያ ያንሳል፤ ግን ታሪፍ የሚያነብ መንገደኛ እንደሚቀር ስለማውቅ ከፍዬ ገባሁ።

ሁለት ሰዓት ከሩብ፣ ኬላው

ከከተማው ወጣ እንዳልን ኬላ ላይ ወረድን። ፍተሻ በዚህ መንገድ የተለመደ ነው፤ እኔ ግን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ጭኔ ላይ ምን እንደያዝኩ አላሰብኩትም ነበር። በዚህ ጊዜ፣ በዚህ መንገድ፣ ባትሪና ከጎኑ ባለ ቀለም ሽቦ የተንጠለጠለበት ሰሌዳ። ፈታሹ ሹራቤን ሲገልጥ ላብ ከአንገቴ ወደ ጀርባዬ ሲወርድ ተሰማኝ። ተሳፋሪዎቹ አንድ እርምጃ ሸሹኝ፤ ከጎኔ ስለ ቡና ዋጋ ሲያጫውተኝ የመጣው ሰውዬ እንኳ አይቶኝ የማያውቅ መሰለ።

ምንድነው ብሎ ጠየቀኝ። የጄኔሬተር አእምሮ ነው አልኩት፣ በዚያችው ኦሮምኛዬ። ፈታሹ ሰሌዳውን ገለባብጦ አየው።

«ጄኔሬተሩስ የት አለ?»

«አርጆ።»

«አእምሮው ካንተ ጋር፣ እሱ አርጆ?»

«ሳይኖረው ነው የሸጥኩት መሰለኝ፣ እሱን ላጣራ ነው የምሄደው።»

ከኋላው ያለው ሳቀ፤ እሱ ግን አልሳቀም። መታወቂያዬን አየ፣ የሱቁን ደረሰኝ አየ፣ አዴ ሌንሳ ጋ አስደወለኝና ድምጿን ራሱ ሰማ። ሃያ ደቂቃ ፈጀብን። ሌላው ተሳፋሪ ሃያ ደቂቃውን ከኔ ላይ ቆጠረው፤ ጌተማ እስክንደርስ ያናገረኝ አልነበረም።

ጌተማ ሹፌሩ ለቁርስ ቆመ። ሻይ በቦምቦሊኖ ወሰድኩ፣ አርባ ብር። ቦምቦሊኖው ትኩስ ነበር፣ ግን ግማሹን ተውኩት። ረቡዕ ዕለት አሥራ ስምንተኛው ቀን ነበር፤ ዛሬ አሥራ ዘጠኝ። ሒሳቡ በጭንቅላቴ ይመላለሳል። ከጌተማ ወዲያ አገሩ አረንጓዴ ነው፤ በቆሎው ጉልበት ደርሷል፣ በሬ የጠመዱት ለጤፍ ደግመው ያርሳሉ፣ ከመንገዱ በታች ቡናው በዛፍ ጥላ ሥር ተደብቋል። አስፋልቱ አንዳንድ ቦታ ተቦርቡሮ ውኃ አቁሯል። ሌላ ቀን ቢሆን ይህን አገር እያየሁ ደስ ይለኝ ነበር። ያን ቀን ያየሁት የመብራት ምሰሶ ብቻ ነው፤ ያጋደለውን ሁሉ ስቆጥር አርጆ ደረስኩ።

አራት ሰዓት ተኩል፣ አርጆ

አርጆ ጉም ለብሳ ነው የተቀበለችኝ። ከሚኒባሱ ስወርድ ብርዱ በካልሲዬ ገባ። ከዋናው መንገድ ወደ አዴ ሌንሳ ግቢ ስቃረብ ጄኔሬተሩ ሲያጓራ ሰማሁ። ለአንድ አፍታ በራሱ ተነስቶ ይሆን ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

በሩን የከፈቱልኝ ኦቦ ፈይሳ ናቸው፤ የግቢው ጠባቂ፣ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጥ ያሉ ሰው። እኔ እርስዎ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው በአማርኛ አንተ ይሉኛል፤ ማክበራቸው በድምፃቸው ነው። ከሰላምታ በኋላ «ኢብሳን ባዴ» አሉኝ፣ መብራት ሄዷል ማለታቸው ነው። ጄኔሬተሩን በእጃቸው አስነስተውት ነበር።

ሳጥኑን ከፈትኩ። ማዞሪያው ላይ በእንግሊዝኛ ሦስት ቃላት ተጽፈዋል፤ አንዱ አውቶ፣ አንዱ ኦፍ፣ አንዱ ማን። አውቶ ሲሆን በራሱ ይነሳል፣ ኦፍ ሲሆን ጠፍቷል፣ ማን ሲሆን ሰው በእጁ ያስነሳዋል። ማዞሪያው ማን ላይ ነበር፤ በእጅ ስለተነሳ መሆንም ያለበት እዚያ ነው። ባትሪውን ለካሁ፣ ሙሉ ነው። ፊውዞቹ ደህና ናቸው። ከቆጣሪው የሚመጡትን ሽቦዎች አንድ በአንድ ጎተትኩ፣ የላላ የለም። ነገር ሁሉ ደህና መሆኑ አልጠቀመኝም፤ የተቃጠለ ነገር ባገኝ ቀይሬ እሄድ ነበር።

አዴ ሌንሳ መፈልፈያው ካለበት ክፍል ወጣች። ነጭ ጋዋን ለብሳለች፣ ያስተማረችበት ይመስለኛል። ስለ እኔ ምሳ አሰበች፤ አንጮቴ ተቀቅሎ በቅቤና በሚጥሚጣ ቀረበ። አንጮቴ የወለጋ ሥራ ሥር ነው፣ ድንች ከሚመስለው በላይ ክብር አለው፣ እንግዳ ካልመጣ አዘውትሮ አይቀርብም። እኔ እንግዳ ሳልሆን ተከሳሽ ነኝና እያፈርኩ በላሁ።

ሰባት ሰዓት ላይ መብራት መጣ። አሁን ሙከራው ነው፤ ማዞሪያውን አውቶ ላይ አድርጌ፣ መብራቱን ራሴ ከብሬከሩ ቆርጬ ማየት። ጣቴን ብሬከሩ ላይ ሳደርግ አዴ ሌንሳ ከመንካቴ በፊት እንጸልይ አለች። ኦቦ ፈይሳ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እሷ በኦሮምኛ ረጅም ጸሎት አደረገች፤ ስለ እንቁላሎቹ፣ ስለ ጄኔሬተሩ፣ ስለ መንገዴም። እኔ ጣቴን ብሬከሩ ላይ እንዳደረግሁ ዓይኔን ጨፍኜ ቆምኩ፤ ክንዴ ዛለ። አሜን ሲባል ቆረጥኩት።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ቆጠርኩ። አሥር ላይ ጄኔሬተሩ ተነሳ።

ሦስት ጊዜ ሞከርኩት። ሦስቱንም ጊዜ ተነሳ። ካርዱን ልቀይር ካርቶኑን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት፤ የሚሠራ ነገር ቀይሬ ባበላሸውስ? ገመቹን በልቤ ይቅርታ ጠየቅሁት። ምንም የለውም ያለው እውነቱን ነው። ግን እንቁላሎቹስ በምን ሞቱ?

ከመሄዴ በፊት ለኦቦ ፈይሳ በኦሮምኛዬ አደራ አልኳቸው፤ ኦፊን ይሁን፣ ሌላ አትንኩ። ኦፊን ማለት በራሱ ማለት ነው። ኤዬ፣ ኦፊን፣ ብለው ደረታቸውን ነኩ። እኚህ ሰው ካሉ ምን እሰጋለሁ ብዬ ወጣሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ መኪና ጥበቃ

ከአሥር ሰዓት በኋላ በዚህ መንገድ መጓዝ የሚመርጥ የለም። የነቀምቴው ሚኒባስ ሁለት ሰው ጎድሎት ቆሟል። ገብቼ ተቀመጥኩ፣ ካርቶኔን ጭኔ ላይ አደረግሁ፤ ኬላው ላይ የምለውን ማሰብ ጀመርኩ። ስልኬ ጠራ። አዴ ሌንሳ ናት።

መብራት ሄዷል፣ አልተነሳም አለች። ሹፌሩ ሞተር አስነሳ። ይህን ማለት ያሳፍረኛል፤ ግን የጉዞ ማስታወሻ ከተጻፈ አይቀር፣ ለጥቂት ሰከንድ ኔትወርኩ የተቆረጠ አስመስዬ ልሄድ አስቤ ነበር። ነገ ገመቹን ከጊምቢ አስመጣለሁ፣ እሱ ይየው፣ እያልኩ። ከዚያ ክፍሉ ውስጥ ያለው የሙቀት ቁጥር መውረድ መጀመሩ ታየኝ። ወረድኩ። ሹፌሩ የመለሰልኝ መቶ ብር ብቻ ነው፤ ወንበሩን አሙቀህለታል ሲል ረዳቱ ቀለደብኝ።

ግቢው ስደርስ ጄኔሬተሩ ይሠራል፤ ኦቦ ፈይሳ እንደገና በእጃቸው አስነስተውታል። ማዞሪያው ማን ላይ ነው። መፈልፈያው ላይ ሙቀቱ ሠላሳ አምስት ደርሶ ተመልሶ እየወጣ ነበር። አዴ ሌንሳ ቁጥሩን እያየች ቆማለች፤ ፊቷን አላዞረችልኝም።

መብራት ሲመጣ ማዞሪያውን አውቶ ላይ መለስኩ። ሞከርኩት፣ ተነሳ። እኔ ሳለሁ ይነሳል፣ እኔ ስሄድ ይተኛል። ሰው ቢሆን ፊቴ ብቻ ነው የሚፈራኝ እል ነበር። ያን ሌሊት አዴ ሌንሳ ፍራሽ አውጥታ መፈልፈያው አጠገብ እንደምትተኛ ነገረችኝ። እኔ ዋናው መንገድ ላይ አንድ ሆቴል አልጋ ያዝኩ፣ አራት መቶ ብር። እንቅልፍ ግን በዋጋው ውስጥ አልነበረም።

ዓርብ ጠዋት

ያሰብኩት ይህ ነው። ነገሩ የሚበላሸው ከሄድኩ በኋላ ከሆነ፣ ሳልሄድ መሄድ አለብኝ። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ለአዴ ሌንሳ ነግሬያት ገባሁ፣ ጄኔሬተሩና ሳጥኑ ባሉበት ቤት ውስጥ ከተደረደረው የመኖ ጆንያ ኋላ ተቀመጥኩ። ማዞሪያው አውቶ ላይ ነው፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ጉልበቴ ላይ ሻይ፣ አፍንጫዬ ውስጥ የመኖ አቧራ። ማስነጠስ ቢመጣብኝ ምን እላለሁ እያልኩ ተጨነቅሁ።

አንድ ሰዓት ላይ ኦቦ ፈይሳ ገቡ። ናፍጣውን አዩ፣ ወለሉን ጠረጉ። ከዚያ የሳጥኑን ክዳን ከፈቱ፣ ጎንበስ ብለው ጽሑፉን አነበቡ፣ ማዞሪያውን አንድ ቀጭ አድርገው ኦፍ ላይ አስቀመጡት። ክዳኑን ዘጉ። በእጅጌያቸው አቧራውን ጠረጉለት፣ ሕፃን እንደሚጠረግ።

ከጆንያው ኋላ ስነሳ ክፉኛ ደነገጡ።

«ኦቦ ፈይሳ፣ ምን አደረጉት?»

«ኦፊን አደረግኩት። ትናንት ረስተህ ነበር የሄድከው፣ እኔ ነኝ ያስተካከልኩልህ።»

«የቱ ነው ኦፊን?»

ጣታቸውን ጽሑፉ ላይ አሳረፉ። «ይኸው። ኦፍ።»

ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። በኦሮምኛ ኦፍ ማለት ራስ ማለት ነው፤ ራሱ፣ ራሷ እንደምንለው። ኦፊን ደግሞ በራሱ። ኦሮምኛ የሚጻፈው እንግሊዝኛ በሚጻፍበት ፊደል ነው፣ ኦቦ ፈይሳም ያንን ፊደል የጎልማሶች ትምህርት ገብተው ተምረውታል። እና የጄኔሬተሩ ሳጥን ላይ፣ ጥርት ባለ ቀይ ፊደል፣ በሚያነቡት ቋንቋ፣ በራሱ ተብሎ ተጽፎ አገኙት። እኔ ያንን ቃል ሺህ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ አንድም ቀን በኦሮምኛ አላነበብኩትም።

«ማን የሚለውስ?» አልኳቸው።

«እሱ በእንግሊዝኛ ሰው ነው፤ ልጄ ነግራኛለች። ሰው በእጁ ሲያስነሳው እዚያ ነው።»

ይህ ትክክል ነው። መንገዱ ሌላ ይሁን እንጂ የደረሱበት ቦታ ትክክል ነው።

«አውቶስ?»

«እሱ የመኪና ነው፣ አውቶቡስ እንደሚባለው። ጄኔሬተሩን መኪና ላይ ሲጭኑት።» አዩኝና ጨመሩበት። «እኛ ደግሞ መኪና የለንም።»

አጠገባቸው ቆሜ ሳለሁ ከሁሉም የከፋው ነገር ትዝ አለኝ። መጋቢት ላይ ባትሪው ደክሞ ኦቦ ፈይሳ ደውለውልኝ ነበር። ያኔ ገመቹ በተወው መሠረት ማዞሪያው አውቶ ላይ ነበር፣ ጄኔሬተሩም በራሱ ይነሳ ነበር። ባትሪውን ቻርጅ አድርጉት፣ በእጅ አስነሱት፣ መብራት ሲመጣ ኦፊን ላይ መልሱት አልኳቸው በስልክ፣ በዚያች በተለቀመች ኦሮምኛዬ። ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ነበረኝ፣ ቸኩዬ ነበር። ኦፊን ላይ መለሱት። ከዚያን ቀን ጀምሮ፣ በየጠዋቱ፣ ታማኝ ሰው ስለሆኑ፣ እዚያው ላይ መኖሩን ያረጋግጣሉ።

አዴ ሌንሳ በሩ ላይ ቆማ ሰምታ ነበር። ለኦቦ ፈይሳ በኦሮምኛ መናገር ጀመረች። ፈጣን ነበር፣ ከገበያ ኦሮምኛዬ በላይ፤ የበሩን ቁልፍ የሚለውን ግን ለየሁት። እሳቸው ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መሬት ያያሉ። እጃቸው ወደ ኪሳቸው፣ ወደ ቁልፉ ሄደ።

ዝም ማለት እችል ነበር። ዝም ብል ጥፋቱ የጠባቂ ሆኖ ይቀራል፤ ዕቃዬ ንጹሕ፣ ስሜ ንጹሕ። ሠላሳ ዓመት በገበያ ኖሬ መቼ ዝም እንደሚባል አውቃለሁ። ዓይኔን ከሰዎቹ ላሸሽ ሳጥኑ ላይ ተከልኩት፤ ያቺ ሦስተኛዋ ቃል እዚያ አለች። በእንግሊዝኛ ስታነባት በእጅ ናት፤ በአማርኛ ስትሰማት ግን ትጠይቃለች። ማን?

«አዴ ሌንሳ፣ እኔ ነኝ ያልኳቸው። ኦፊን ላይ መልሱት ብዬ በስልክ ያዘዝኩት እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገርኳት። ስጨርስ ወደ መፈልፈያው ክፍል ገባች። ቁጥሩን ልታይ እንደሆነ አወቅሁ። ማዞሪያውን አውቶ ላይ መለስኩት። ኦቦ ፈይሳ እኔን አላዩኝም፤ ቁልፉ አሁንም እጃቸው ላይ ነው። ስትመለስ ድምጿ ዝቅ ብሎ ነበር።

«እና ያን እሑድ የሞቱት በአንተ ኦሮምኛ ነው?»

«አዎ።»

«ክፍል ውስጥ ብትሆን፣ ምን አልኩ ብለህ መልሰህ ትጠይቅ ነበር። የመጀመሪያ ዓመት አስተማሪ የሚማረው እሱን ነው።» ከዚያ ወደ ኦቦ ፈይሳ ዞራ ቀስ ብላ አንድ ነገር አለቻቸው። ቁልፉ ወደ ኪሳቸው ተመለሰ። «ከዛሬ ጀምሮ ለኔ በአማርኛ ንገረኝ። ለሳቸው እኔ እነግራቸዋለሁ።»

ጊምቢ ደወልኩ። ገመቹን ሁለት ጊዜ ስትሄድ ማዞሪያው የት ላይ ነበር አልኩት። ሁለቱንም ጊዜ ኦፍ ላይ ነበር አለኝ፤ ልሠራ ስለምመጣ ኦቦ ፈይሳ ለደኅንነቴ ብለው ያጠፉልኝ መስሎኝ ነበር አለ። ምን አልካቸው ስለው፣ እንዴት ያሉ ጠንቃቃ ሰው ናቸው ብሎ አመስግኗቸዋል።

አዴ ሌንሳ ከወረቀት ሦስት ቁራጭ ቆርጣ የእንግሊዝኛውን ቃላት በስኮች ሸፈነቻቸው። በአውቶ ላይ ኦፊን፣ በኦፍ ላይ ጩፋ፣ ማለትም ተዘግቷል፣ በማን ላይ ሃርካን፣ ማለትም በእጅ። ኦቦ ፈይሳን አስነበበቻቸው። ቀጥላ እኔን አስነበበችኝ።

ዓርብ፣ ስምንት ሰዓት

ከዲዴሳ በኩል ደመናው ጠቁሮ መጣ። መጀመሪያ ነጎድጓድ፣ ከዚያ ዝናብ፣ ከዚያ የመፈልፈያው ማራገቢያ ድምፅ ቀስ እያለ ቆመ። መብራት ሄደ። ሦስታችንም ጄኔሬተሩ ቤት ውስጥ ተገናኘን፤ ማንም ማንንም አልጠራም። ኦቦ ፈይሳ እጃቸውን ጀርባቸው ላይ አጣመሩ፣ ራሳቸውን እንደማያምኑ ሰው።

አሥር ስቆጥር ሞተሩ ዞረ። አልያዘም። ቆመ።

ሦስት ጊዜ እንዲሞክር የተሠራ መሆኑን አውቃለሁ። ለደንበኛ ስንት ጊዜ ተናግሬዋለሁ። ያን ሰዓት ግን አላመንኩትም። አዴ ሌንሳ ክንዴን ያዘች፤ ጥፍሯ ተሰማኝ። ኦቦ ፈይሳ አንድ እርምጃ ወደ ሳጥኑ ሄዱ፣ ቆሙ፣ ተመለሱ። ሁለተኛው ዞረ። አነጠሰ፣ ጭስ ተፋ፣ ያዘ። ሳጥኑ ውስጥ ቀጭ ሲል ከግድግዳው ወዲያ ማራገቢያው ተነሳ።

አዴ ሌንሳ ወደ መፈልፈያው ወሰደችኝ፣ አንድ እንቁላል አውጥታ ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ። ሞቃት ነበር። ውስጡ የሆነ ነገር በጥፍሩ ይፍቃል፤ ከዚያ በጣም ቀጭን ድምፅ፣ ጺው አለ። ሦስት ቀን ስለ ባትሪና ስለ ሽቦ ሳስብ ኖሬ ሌላው ጫፍ ላይ ምን እንዳለ ያን ሰዓት ነው የገባኝ። መልሳ በፍጥነት አስገባችው፤ ሙቀት አታባክን አለችኝ፣ ያወጣችው እሷ ሆና።

ቅዳሜ

እስከ አምስት ሰዓት ቆየሁ። ትሪዎቹ ላይ እርጥብ ነገሮች ይንቀሳቀሱ ነበር፤ ቆንጆ አይደሉም፣ ሲደርቁ ነው የሚያምሩት። ሁሉም አልወጡም። ሐሙስ ዕለት ሙቀቱ ሲወርድ የተጎዱ መኖራቸውን አዴ ሌንሳ አልደበቀችኝም፤ ዝም ያሉትን እንቁላሎች አንድ በአንድ በብርሃን ስታይ ቆሜ አየሁ። ከሩብ ያንሳሉ። የሚቀጥለውን ዙር እንቁላል ለሰኞ አዝዣለሁ አለች። ይቅርታዋም ይቅር አለማለቷም እዚያች ውስጥ ነበር፣ ሌላ አልጠበቅሁም።

ኦቦ ፈይሳ እስከ መኪናው ሸኙኝ። ካርቶኔን እሳቸው ናቸው የያዙልኝ። ሲሰነባበቱኝ፣ አንተ ኦሮምኛ ደህና ትናገራለህ፣ ስልክ ላይ ብቻ አትናገር አሉኝ።

ኬላው ላይ ያ ፈታሽ ነበር። ካርቶኑን አየና አእምሮውን አልወሰደም እንዴ አለኝ። ጤነኛ ሆኖ አገኘሁት አልኩት፤ የጎደለው እኔ ጋ እንደሆነ ግን አልነገርኩትም። ሳይከፍተው አሳለፈኝ።

ነቀምቴ

ቤት ስገባ ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም። ባለቤቴ ዕቃው ምን ሆኖ ነው አለችኝ። ዕቃው ደህና ነው አልኳት።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህን ያህል ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለደንበኛ ስናገር ኖሬያለሁ፣ ጥሩ እናገራለሁ ብዬም አምናለሁ፤ የሰማውን ግን ጠይቄው አላውቅም። ገባህ? ስለው አዎ ይላል፤ አዎ ካለ ዕቃው ተሸጠ። አሁን የምሸጠውን ሰው ማዞሪያውን አስነብበዋለሁ፣ ምን ማለት እንደሆነም እጠይቀዋለሁ። ደስ የሚለው ሰው አላገኘሁም።

ሰኞ ዕለት ከቢላ ከተማ አንድ ወጣት መጣ፤ ለዳቦ ቤቱ ጄኔሬተር ይፈልጋል። ዲግሪ አለው። አንብብልኝ ስለው ተቆጣ። «ኦፍ ማለት ጠፍቷል ማለት ነዋ። አታውቅም እንዴ?» አለኝ።

«አውቃለሁ። አንተ በሌለህ ጊዜ ዳቦ ቤቱ ማን ጋ ነው?»

«አባቴ ጋ።»

«ደውልላቸው።»

እየሳቀብኝ ደወለ፣ ድምፁን ከፍ አደረገ። ሦስቱን ፊደሎች አንድ በአንድ ነገራቸውና ምን ይላል አላቸው። ሽማግሌው ቀስ ብለው ገጣጠሟቸው። «ኦፍ» አሉ፣ ሕፃን የሚያስተምሩ ያህል። «ኦፊ ጄቹዳ። ራሱ ማለት ነው። ይሄን ደግሞ ምን ያስጠይቃል?»

ወጣቱ ስልኩን እንደያዘ አየኝ። እኔ መሳቢያዬን ከፍቼ ወረቀትና ስኮች አወጣሁ።